ግልጽ ደብዳቤ፦ አሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች በሁለት ቀን አንድ አገር አልሆኑም

ለተከበራችሁ የትምህርት ቦርዳችን አባላት፣
ለሥርዓተ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

ጉዳዩ፦ ስለ አሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች አንድነት ይሰጥ የነበረው ትምህርት መታጠፉን ይመለከታል

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖርና ልጆቻችንን በእናንተ ትምህርት ቤቶች የምናስተምር አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ነን። በአማርኛ የጻፍነው የእናንተም ማስታወቂያ በአማርኛ ስለሚደርሰን ነው። በአማርኛ የሚልክ ቢሮ በአማርኛም ያነባል ብለን አስበናል፤ ካላነበበም ተርጓሚ ለመጥራት ከእኛ ይልቅ እናንተ ትቀርባላችሁ። ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ኢትዮጵያ ሳለሁ አሥራ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ፤ እዚህ ታክሲ እነዳለሁ። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚህ በታች አንዳንዱ ቦታ "እኔ"፣ አንዳንዱ ቦታ "እኛ" የምለው ለዚህ ነው፤ ሌሎቹ ወላጆች ግን ሁሉንም አንብበው ተስማምተውበታል። ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅኝ ግዛቶቹ ለየብቻ ከኖሩበት ዘመን ተነሥቶ ሕገ መንግሥቱ እስከጸደቀበት የሚዘልቀው ምዕራፍ እስከ ባለፈው ዓመት ሦስት ሳምንት ይሰጥ ነበር። ዘንድሮ ሁለት ቀን ሆኗል። አንዱ ቀን ለቪዲዮ፣ ሌላው ለአንድ ገጽ መልመጃ። የተረፈው ጊዜ ለንባብና ለሒሳብ ፈተና ዝግጅት ተላልፏል። ምዕራፉ ሲያልቅ ተማሪዎቹ ወደ ጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ወደ ማውንት ቬርነን ያደርጉት የነበረው ጉብኝትም ቀርቷል። ይህ ሁሉ የሆነው የነጻነት አዋጁን 250ኛ ዓመት ለማክበር የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ከዳር እስከ ዳር በባንዲራ ተሸፍኖ ሳለ ነው።

ልጄ ይዞት የመጣውን መልመጃ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየሁት። አሥራ ሦስት ቁራጭ ያለው ካርታ ነው፤ ተማሪው እያንዳንዱን ቀብቶ፣ በመቀስ ቆርጦ፣ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ይለጥፈዋል። ቨርጂኒያን አረንጓዴ ቀብቷታል። ሮድ አይላንድ ከማነሷ የተነሣ ስትቆረጥ ጠፍታበት በእርሳስ ሥሎ ተክቷታል። "ለምንድን ነው የተባበሩት?" አልኩት። "የእንግሊዝ ንጉሥ በሻይ ላይ ቀረጥ ስለጣለ።" "ከዚያስ?" "ከዚያማ አንድ ሆኑ።" "በምን?" ብለው ወረቀቱን አየት አደረገና "በሙጫ ነዋ!" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን ልጁ የተማረውን ነው የመለሰው።

አንደኛው ቅሬታችን ስለዚሁ ሙጫ ነው። ቪዲዮውን ከልጄ ጋር አየሁት። ከ1776 ይነሣና ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ይደርሳል። በመካከል ያሉትን አሥራ ሦስት ዓመታት፣ ግዛቶቹ ጠንካራ መንግሥት እንደሚያስፈልጋቸው ተገነዘቡ በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘላቸዋል። "ተገነዘቡ" የሚለው ቃል ስንት ጠብ እንደሚሸፍን አስተምሮ ያየ ያውቀዋል። እነዚህ ሰዎች በአንድ ጥሪ ሁሉም ተሟልተው የተገኙበት ጊዜ የለም። በ1754 ኦልባኒ ላይ ቤንጃሚን ፍራንክሊን የኅብረት ዕቅድ አቀረበ፤ አንድም ቅኝ ግዛት አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት በጋዜጣው ያወጣው የተቆራረጠ እባብ ሥዕል እንኳ ስምንት ቁራጭ ነበር እንጂ አሥራ ሦስት አልነበረም። በ1765 የቴምብር ቀረጡን ለመቃወም ኒው ዮርክ ላይ ሲሰበሰቡ የመጡት ዘጠኝ ናቸው። በ1774 ፊላዴልፊያ ላይ አሥራ ሁለት፤ ጆርጂያ ቀረች። ሐምሌ 2 ቀን 1776 ስለ ነጻነት ድምፅ ሲሰጥ የኒው ዮርክ ልዑካን ከቤታቸው ትእዛዝ ስላልመጣላቸው ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። በየስብሰባው ቀሪ አለ። ቀሪው ለምን እንደቀረ፣ በኋላም ምን ተሰጥቶት እንደመጣ ማወቅ ነው ትምህርቱ።

ኮንፌዴሬሽኑንም፣ ማለትም ከሕገ መንግሥቱ በፊት ግዛቶቹን ያስተሳሰረውን ልል ኅብረት፣ ተመልከቱ። የልዑካኑ ጉባኤ ኮንግረሱ የኅብረቱን አንቀጾች በኅዳር 1777 ቢቀበላቸውም በሥራ ላይ የዋሉት መጋቢት 1 ቀን 1781 ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ያዘገየችው ሜሪላንድ ነበረች፤ ቨርጂኒያን የመሳሰሉት በስተ ምዕራብ ያለውን ሰፊ መሬት ለጋራ ካልለቀቁ አልፈርምም አለች። ተፈርሞም ኮንግረሱ ግብር የመጣል ሥልጣን አልነበረውም። ገንዘብ ይለምናል እንጂ አያስገድድም። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ አምስት በመቶ ቀረጥ ለመጣል ሲሞከር በ1782 ሮድ አይላንድ ብቻዋን እምቢ በማለቷ ቀረ፤ አንቀጾቹን ለማሻሻል የሁሉም ስምምነት ያስፈልግ ነበርና። ኒው ዮርክ ከጎረቤቶቿ በሚመጡ ጀልባዎች ላይ ክፍያ ስትጥል፣ ኒው ጀርሲ ደግሞ ኒው ዮርክ በኒው ጀርሲው ሳንዲ ሁክ ያቆመችውን የመርከብ መብራት ማማ ግብር አስከፈለችው። ይህን ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ንገሩት፤ አይረሳውም።

እኔ ይህንን ትምህርት የማስተምረው ከሰባ የማያንሱ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል፣ ጥግ ጥጉ በተበላ አንድ ካርታ ነበር። አሥራ ሦስት ዴስክ እመርጥና እያንዳንዱ ዴስክ ቅኝ ግዛት ነው እላለሁ። ከዚያ "ለክፍሉ የጋራ ሣጥን ከየዴስኩ አንድ አንድ እስክሪብቶ ይዋጣ፤ የማያዋጣ ግን አይቀጣም" ብዬ ሣጥኑን አዞራለሁ። አንድ ዓመት አራት እስክሪብቶ ተገኘ፤ አንዱ ቀለም የጨረሰ ነበር። "እሺ፣ በዚህ ወታደር ቀልቡ" ስላቸው ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፣ ቀጥሎ ጭቅጭቁ ይጀመራል። የማያዋጣው ይቀጣ የሚሉና ማን ሥልጣን ሰጥቷችሁ የሚሉ ሁለት ጎራ ይሆናሉ። እዚያ ላይ ደወል ይደወላል። ለወላጆቻችን ሳስረዳ ደግሞ ከዚህም አጭር መንገድ አለኝ፦ ኮንፌዴሬሽኑ ዳኛም ዋስም የሌለው ዕቁብ ነው። ዕቁብ የጣለ ሰው ሁሉ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ቦታው ነው። ይህ ታሪክ ቪዲዮ የሚያስፈልገው ሩቅ አገር አይደለም። በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንድ በውድሮ ዊልሰን ድልድይ እሻገራለሁ። ከሥሩ የሚፈሰው ፖቶማክ በ1632 ንጉሥ ቻርልስ በሰጡት ደብዳቤ መሠረት እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ የሜሪላንድ ነው። ከነጻነት በኋላ ሁለቱ ግዛቶች በመርከብ መተላለፊያ፣ በቀረጥና በዓሣ ማጥመድ ተጣሉና በመጋቢት 1785 ተወካዮቻቸው አሌክሳንድሪያ ላይ ተገናኝተው እንዲነጋገሩ ተቆረጠ። የሜሪላንዶቹ መጡ። ቨርጂኒያ ግን አራት ሰው ሾማ ቀኑን አልነገረቻቸውም! ጆርጅ ሜሰንና አሌክሳንደር ሄንደርሰን ነገሩን ያወቁት እንግዶቹ ከደረሱ በኋላ ነው፤ ጄምስ ማዲሰንና ኤድመንድ ራንዶልፍ ጭራሽ አልመጡም። ዋሽንግተን ይህን አይተው ሁሉንም ወደ ቤታቸው ወደ ማውንት ቬርነን ወሰዷቸው፤ መጋቢት 28 ቀን ስምምነቱ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት በአናፖሊስ ሁሉም ግዛቶች ስለ ንግድ እንዲመክሩ ቨርጂኒያ ጠራች፤ የመጡት የአምስት ግዛቶች አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። እነርሱ ደግሞ በግንቦት 1787 ፊላዴልፊያ እንገናኝ አሉ። ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው እዚያ ነው።

ልብ በሉ፤ መነሻው ያልደረሰ ደብዳቤ ነው። የእናንተም ማስታወቂያ የደረሰን ውሳኔው ከተወሰነ ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ እኛ ግን ቤታቸው ጠርተው የሚያስታርቁን ዋሽንግተንን የመሰሉ ጎረቤት የሉንም።

ያ የወንዝ ስምምነት በሌላ ቢተካም ከፊሉ እስከ ዛሬ ይሠራል። የፌርፋክስ ካውንቲ የውኃ ድርጅት ከቨርጂኒያ ዳርቻ ወደ ወንዙ መካከል የሚዘልቅ የውኃ መሳቢያ ለመሥራት ፈልጎ ሜሪላንድ ስትከለክል ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2003 ለቨርጂኒያ ሲፈርድ ከመረመራቸው ሰነዶች አንዱ ይኸው የ1785ቱ ስምምነት ነበር። ልጆቻችን የሚጠጡት ውኃ ክርክሩን ይዞ ነው ቤት የሚገባው። የማውንት ቬርነንን ጉብኝት ለአውቶቡስ ወጪ ብሎ ማስቀረት በዚህ ዓይን ሲታይ ምን ያህል እንደሚያስቆጭ ለእናንተ መንገር ያለብን አይመስለንም ነበር።

ሦስተኛ። መልመጃው ላይ ፊላዴልፊያ የተሰበሰቡት ሰዎች ሁሉንም ያስማማ መፍትሔ አገኙ ይላል። ሁሉንም አላስማማም። ሃምሳ አምስት ልዑካን መጡ፤ የፈረሙት ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። ሮድ አይላንድ ጭራሽ ሰው አልላከችም። የኛው ሰፈር ሰው ጆርጅ ሜሰን እስከ መጨረሻው ተከራክሮ፣ የመብቶች ዝርዝር የለበትም፣ የባሪያ ንግድም ይቀጥላል ብሎ አልፈረመም፤ እርሱ ራሱ ግን ጋንስተን ሆል በሚባለው ርስቱ ላይ በባርነት የያዛቸው ብዙ ሰዎች ነበሩት። እንዲህ ያለውን ሰው ለልጅ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ከባድ ስለሆነ ነው መምህር የሚያስፈልገው።

ከሁሉ በላይ የተዘለለው ይህ ነው። ውክልና ሲደለደል በባርነት ከተያዙት ሰዎች አምስቱ እንደ ሦስት ይቆጠሩ ተባለ። ሰዎቹን ከባሕር ማዶ የማምጣቱን ንግድ ኮንግረሱ እስከ 1808 እንዳይከለክል ተደነገገ። "ባሪያ" የሚለውን ቃል ግን አንድም ቦታ ላይ አልጻፉትም፤ "ሌሎች ሰዎች" ብለው አለፉት። በ1790 በተደረገው የመጀመሪያ ቆጠራ ቨርጂኒያ ውስጥ ከነበሩት 747,610 ሰዎች 292,627ቱ በባርነት የተያዙ ነበሩ። የአንድነቱ ዋጋ በእነርሱ ላይ ነው የተከፈለው። ልጄ ይህን ከእኔ ሲሰማ እጁን እያየ ጥቂት ቆየና "እኔ ብሆን ሦስት አምስተኛ ነበርኩ ማለት ነው?" አለኝ። "አንተ ድምፅ የለህም፤ በአንተ ስም ወንበር የሚጨመርለት የያዘህ ሰው ስቴት ነው" አልኩት። እንዴት ብሎ ጠየቀኝ፤ በወረቀት እያሰላን አሳየሁት። ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ ሒሳብም ታሪክም ነበረበት። ይህ ጥያቄ በክፍል ውስጥ ቢነሣ ከእርሱ አጠገብ የሚቀመጠው ነጭ ልጅም ይሰማው ነበር። አሁን ግን በየቤታችን የምናወራው የጥቁሮች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

አራተኛውን አጥብቀን የምንጽፈው ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የእኛን ልጆች ለይቶ የጎዳው እርሱ ነውና። እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ ልጆች ለቋንቋ እርዳታ ከክፍል የሚወጡት በታሪክ ሰዓት ነው። ንባብና ሒሳብ ስለማይነካ ይህ ሰዓት እንደ ትርፍ ጊዜ ተቆጥሯል። ከጎንደር ከመጣች ዓመት ከመንፈቅ የሆናት አንዲት ልጅ አለች። እናቷ ሌሊት በጽዳት ሥራ ላይ ናቸው። ልጅቷ ጓደኞቿ ካርታውን ሲቆርጡ እርሷ ሌላ ክፍል ተቀምጣ ስለ ፔንጉዊን ታነብ ነበር። ትምህርቱ ሦስት ሳምንት ሳለ የሚያመልጣት ጥቂቱ ነበር፤ ሁለት ቀን ሲሆን ሁለቱም ቀን አመለጧት። ከዚያ ግን ፈተናውን ተፈተነች። ከአሥር ሁለት አገኘች። እናቷ ወረቀቱን ይዘው መጥተው "ልጄ ሰንፋ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። የሌላ ልጅ የውጤት ካርድ ላይ ደግሞ በታሪክ ክፍል አይሳተፍም የሚል አስተያየት ሰፍሯል። ልጁ እኮ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም!

መምህራኑን አንወቅስም። አንዷ መምህርት የተቆረጠውን ትምህርት በምሳ ሰዓት ለፈለገ ተማሪ ስታስተምር እንደነበር ልጆቹ ነግረውናል። ስሟን የማንጠቅሰው እንዳይጎዳት ብለን ነው፤ ይህንን መስጋታችን ራሱ አንድ ነገር ይነግራችኋል።

አምስተኛ፣ ስለ ማስታወቂያው። የደረሰን ወረቀት ርእሱ "አሃዱ ይታጠፋል" ይል ነበር። አንዲት እናት የትምህርት ቤቱ ሕንፃ የሚፈርስ መስሏቸው ደውለውልኛል። የትምህርት ምዕራፍን "አሃድ" ያለው ማሽን መሆኑ ግልጽ ነው። ከሥሩ ደግሞ "ግዛቶቹ ግዛት የሆኑበት ሂደት" የሚል አለ። እዚህ ላይ ማሽኑን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ አማርኛችን ራሱ ወጥመድ አለው። ቅኝ ግዛቱም "ግዛት" ነው፣ ስቴቱም "ግዛት" ነው፣ ወደ ምዕራብ ያለው ባዶ ተብሎ የተወሰደው መሬትም "ግዛት" ነው። ቃሉ "ገዛ" ከሚለው ስለሚወጣ፣ ሌላ የሚገዛውንና ራሱን የሚገዛውን በአንድ ስም ይጠራል፤ ትምህርቱ ደግሞ ያለው በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። እኛ በቤታችን "ቅኝ ግዛት" እና "ስቴት" ብለን ለይተናል።

"ፌዴሬሽን" የሚለው ቃልም ለእኛ ባዶ ዕቃ አይደለም። ታላላቆቻችን ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል፣ በ1962 ደግሞ ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ ያዩ ናቸው፤ ታናናሾቹ ያደጉት በፌዴራል ሕገ መንግሥት ሥር ነው። በቡና ላይ ቃሉ ሲነሣ ድምፃችን ከፍ ይላል፤ ሲኒውም ይቀዘቅዛል። ልጆቻችን የተወለዱበት ወይም ያደጉበት አገር ቃሉን እንዴት እንደሠራው ከእኛ ጭቅጭቅ ሳይሆን ከመምህር ቢማሩት እንመርጣለን።

ስብሰባውን በተመለከተ አጭር ነው። ማክሰኞ ምሽት፣ አብዛኞቻችን ሥራ ላይ በምንሆንበት ሰዓት ተጠራ። የተገኘነው ጥቂቶች የትርጉም ማዳመጫ ተሰጠን፤ ባትሪው አልቆ ነበር።

አንድ ነገር ላክል። ከመካከላችን የአንዱ ወላጅ እናት ለዜግነት ፈተና ሲዘጋጁ ነበር። ዕድሜያቸውና የመኖሪያ ፈቃድ ያገኙበት ዘመን ስለፈቀደላቸው በአማርኛ ነው የሚፈተኑት። በ2008 በወጣው የጥያቄ ዝርዝር ውስጥ ከአሥራ ሦስቱ የመጀመሪያ ግዛቶች ሦስቱን ጥቀስ የሚል አለ፤ ሕገ መንግሥቱ መቼ ተጻፈ የሚልም አለ። እሳቸው ሦስት ሳይሆን አሥራ ሦስቱንም እንደ ዳዊት ይደግሙታል። እንዲያውም ልጃቸው ዴላዌር በታኅሣሥ 1787 መጀመሪያ እንዳጸደቀች፣ ቨርጂኒያ በሰኔ 1788 በ89 ለ79 እንዳለፈችው፣ ሮድ አይላንድ ግን ዋሽንግተን ሥራ ከጀመሩ ከዓመት በላይ ዘግይታ በግንቦት 1790 በሁለት ድምፅ ብልጫ እንደገባች ሲያነብላቸው፣ "ይቺ ሠርጉ ላይ ቀርታ መልስ ላይ የመጣች ናት" አሉ። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ነበር። ስድስተኛ ክፍል ነው፤ በእናንተ ትምህርት ቤት። ሮድ አይላንድ ለምን እንደዘገየች አያቱን ጠየቃቸው። ለዜግነት ፈታኝ መልስ ያላት አያት፣ ዜጋ ሆኖ የተወለደውን ልጅ ታስተምራለች ማለት ነው። ደስ ይላል፤ የእናንተን ሥራ ግን አይተካም።

ውሳኔያችሁ የንባብ ውጤትን ለማሻሻል ነው ብላችኋል። የንባብ ውጤቱ ዝቅ ማለቱን እናውቃለን፤ ልጆቹ የእኛ ናቸው። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ይጽደቅ ብለው ሐሚልተን፣ ማዲሰንና ጄይ በየጋዜጣው የጻፏቸው ሰማንያ አምስት ጽሑፎችና የተቃዋሚዎቻቸው መልስ ንባብ ካልሆነ ንባብ ምንድን ነው? ሁለት ጋዜጣ አንብቦ ማን ምን አለ፣ ማን ምን ሸሸገ ብሎ መለየት ስለ ፔንጉዊን ከተጻፈ ምንባብ ያነሰ አያስተምርም።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ምዕራፉ ከሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ጀምሮ ወደ ሦስት ሳምንት እንዲመለስ፤ ይህ ዘንድሮ የተማሩትን አይጠቅምምና ለእነርሱ ከበጋው ዕረፍት በፊት ቢያንስ አምስት ክፍለ ጊዜ ማካካሻ እንዲሰጥ። በሚመለሰው ትምህርት ከ1781 እስከ 1790 ያለው ዘመን ሳይዘለል፣ የባርነቱ ድርድርም በግልጽ ተጽፎ እንዲቀርብ።

እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ ተማሪዎች በታሪክ ሰዓት ከክፍል እንዳይወጡ፤ የቋንቋ መምህሩ ወደ ክፍሉ ገብቶ እንዲያግዛቸው። ሳይማሩ የተፈተኑት ልጆች ውጤት እንዲሰረዝና ከላይ ያልነው የውጤት ካርድ አስተያየት እንዲታረም። ይህኛው ጥያቄ የሚቀጥለውን ዓመት የሚጠብቅ አይደለም፤ በዚህ ወር ሊፈጸም ይችላል።

የማውንት ቬርነን ጉብኝት እንዲመለስ። የአውቶቡሱ ወጪ ከሆነ ችግሩ፣ ከመካከላችን ሰው ለማጓጓዝ ፈቃድ ያለን አሽከርካሪዎች ብዙ ነን፤ ደንባችሁ የሚፈቅድ ከሆነ አንድ ቀን በነጻ እንሠራለን።

በአማርኛ የሚላክ ማንኛውም ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ሰው እንዲያነበው። ለዚህ ምዕራፍ የሚሆኑ አርባ ያህል ቃላትን ከነትርጉማቸው አዘጋጅተናል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል።

በጉዳዩ ላይ ከወላጆች ጋር የምትወያዩበት ስብሰባ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዲጠራ፤ ማዳመጫዎቹም አስቀድመው እንዲሞከሩ።

የጽሑፍ መልሳችሁን በሠላሳ ቀን ውስጥ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ወላጆች ተወካይና የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አባት፣ የታክሲ አሽከርካሪ፣ የቀድሞ የታሪክ መምህር

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
ለወላጆችና መምህራን ኅብረት ሰብሳቢ